የቀረውን ሰው የሚመልስ የጤና አፕ

ጥያቄው፦ "እኔና ጓደኛዬ አዲስ አበባ ሆነን በአማርኛ የሚሰራ የእንቅስቃሴ አፕ ሰርተናል። እርምጃ ይቆጥራል። በቀን 10,000 እርምጃ ግብ ይሰጣል። ሳይቋረጥ የተሄደባቸውን ቀናት ይደምራል፣ ነጥብና ባጅ ይሸልማል፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ያስታውሳል። ሰዎች ዳውንሎድ አድርገው አስር ቀን ያህል በደንብ ይጠቀሙበታል። ከዚያ ይጠፋሉ። ጨዋታና ሽልማት ብንጨምር ይቆያሉ? ወይስ የሳትነው ሌላ ነገር አለ?"

ምላሽ፦

ሽልማት አትጨምሩ። ቢያንስ አሁን አትጨምሩ። ከገለጻችሁ እንደምረዳው አፑ የተሰራው አንድም ቀን ለማይቀር ሰው ነው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ ያለ አፕም ይሮጣል። የእናንተ ተጠቃሚ ግን ጉንፋን ይይዘዋል፣ ለቅሶ ይሄዳል፣ የወር መጨረሻ ሂሳብ ሲዘጋ ቢሮ ያመሻል፣ ልጁ ሲታመም ሌሊቱን አይተኛም። አንድ ቀን መቅረቱ የማይቀር ነው። ልምዱ የሚጸናው ወይም የሚሞተው ከቀረ በኋላ ባሉት ቀናት ነው። ጉልበታችሁን እዚያ ላይ አውሉት።

አሁን ያለውን አሰራር በአንድ ሰው ዓይን እንየው። ሃያ ሦስት ቀን ሳታቋርጥ የተራመደች ሴት አስቡ። አክስቷ አርፈው ደሴ ሄደች። አራት ቀን ለቅሶ ቤት ተቀመጠች። አዲስ አበባ ተመልሳ አፑን ስትከፍት የሚጠብቃት ትልቅ ዜሮ ነው። ያ ሁሉ ልፋት የት ገባ? ሰውነቷ ውስጥ አለ። ዳገት ስትወጣ እንደ ድሮው አታለከልክም። አፑ ግን ምንም እንዳልሰራች ይነግራታል። "በቃ፣ ሰኞ እንደ አዲስ እጀምራለሁ" ትልና ትዘጋዋለች። ሰኞ ሌላ ነገር ይመጣል። እናንተ ጋ ደግሞ "ከጠፉት" መካከል ትቆጠራለች። ይህች ሴት የጠፋችው ሽልማት አንሷት አይደለም። መመለሻ በር ስላጣች ነው።

ይህን የምለው ከግምት አይደለም። ለንደን በሚገኘው ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2009 ይፋ የሆነ አንድ ጥናት አለ። 96 ሰዎች አንድ አንድ አዲስ ልምድ መርጠው ለ12 ሳምንት ተከታተሉት። አንዱ ከምሳ ጋር ውሃ መጠጣት፣ ሌላው ከእራት በፊት መሮጥ። ልምዱ ሳያስቡት የሚደረግ እስኪሆን የፈጀው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነው። በሰውና በሰው መካከል ያለው ልዩነት ግን በጣም ሰፊ ነበር፤ ከ18 እስከ 254 ቀን። ረጅሙ በስሌት የተተነበየ ነው፤ ጥናቱ ራሱ ያን ያህል አልቆየም። "ልምድ በ21 ቀን ይመሰረታል" የሚለውን ወሬ ከዚህ ጋር አስተያዩት። የእናንተ ተጠቃሚዎች አስረኛው ቀን ላይ ሲጠፉ ልምዱ ገና አልበቀለም ማለት ነው። ለእናንተ ትልቁ ግኝት ግን ሌላ ነው። አንድ ቀን መዝለል የልምዱን ግንባታ ይህ ነው በሚባል መጠን አልጎዳውም። ስለዚህ አንድ ቀን ስለቀረ ሁሉን ወደ ዜሮ የሚመልስ ቆጣሪ ከሳይንሱም ጋር ይጣላል።

ሁለተኛው ማስረጃ ደግሞ ጥያቄያችሁን በቀጥታ የሚነካ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ሙከራ ነው። ከመሪዎቹ አንዷ የሰውን ባህሪ የምታጠናው ተመራማሪ ካትሪን ሚልክማን ነበረች። አሜሪካ ውስጥ ከ61,000 በላይ የአንድ ትልቅ የጂም ድርጅት አባላት ላይ 54 የተለያዩ የአራት ሳምንት ፕሮግራሞች ተሞከሩ። ማስታወሻ፣ ነጥብ፣ ማበረታቻ፣ የማይታሰብ ነገር የለም። ከሁሉ የበለጠው የቱ ሆነ? ስፖርት ቀርቶ ለተመለሰ ሰው ትንሽ ተጨማሪ ነጥብ የሚሰጠው። ነጥቡ በገንዘብ ሲመነዘር 9 የአሜሪካ ሳንቲም ገደማ ነው። ለዚያች ሳንቲም ብሎ ጂም የሚሄድ ሰው ያለ አይመስለኝም። እኔ የማነበው እንዲህ ነው፦ መልእክቱ "ቀረህ፣ ችግር የለም፣ ና" የሚል ስለሆነ ሰራ። በዚሁ ሙከራ ውስጥ አሳዛኝ ቁጥርም አለ። አራቱ ሳምንት ካለቀ በኋላ የሚለካ ለውጥ ትተው ያለፉት ፕሮግራሞች 8 በመቶ ብቻ ናቸው። ሽልማት ሰውን ያንቀሳቅሳል፤ ሲቆም አብሮ ይቆማል። የሞባይል ካርድ ወይም በቴሌብር የሚገባ ብር መስጠት ብትጀምሩ የሚገጥማችሁ ይኸው ነው።

የጨዋታውም ነገር ብዙ አይለይም። እ.ኤ.አ. በ2016 ፖክሞን ጎ የተባለው እየተራመዱ የሚጫወቱት የስልክ ጨዋታ ሲወጣ ዓለም በሙሉ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። በአሜሪካ ወጣቶች ላይ የተደረገ ጥናት እንዳሳየው በመጀመሪያው ሳምንት ተጫዋቾቹ በቀን በአማካይ 955 እርምጃ ጨመሩ። በስድስተኛው ሳምንት ጭማሪው ጠፍቶ ወደነበሩበት ተመለሱ። በዓለም ላይ እጅግ ከተወደዱት ጨዋታዎች አንዱ ስድስት ሳምንት ብቻ ካቆየ የእኛ ባጅ ብዙ እንደማያስኬድ መቀበል አለብን።

እንግዲህ የመመለሻውን ስክሪን እንስራው። ሰውየው ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ጠፍቶ ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ዜሮ አይሁን። እስከዛሬ የሰራው ይሁን፦ "እስከ አሁን 23 ቀን ተራምደዋል። ዛሬ 10 ደቂቃ ይበቃል።" ከስር ሁለት ቁልፍ፦ "አሁን እወጣለሁ" እና "ማታ ያስታውሱኝ"። ሌላ ነገር አታስገቡ። የት ጠፍተው ነበር ብሎ መጠየቅ የለም፣ ግራፍ የለም፣ ያለፈውን አራት ቀን ለማካካስ ግቡን እጥፍ ማድረግ ጭራሽ የለም። ከሕመም ወይም ከሐዘን የተመለሰ ሰው የመጀመሪያ ቀኑ ቀላል መሆን አለበት። ተከታታይ ቀን መቁጠሩን ከወደዳችሁት "በሳምንት አራት ቀን" በሚል ቀይሩት። ሦስት ቀን ቢቀርም ሳምንቱ ይሞላል።

አነጋገሩም ከባድ ነገር ነው። መጀመሪያ ሲመዘገቡ አንተ፣ አንቺ ወይስ እርስዎ ተብለው መጠራት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። የስልሳ ዓመት እናት ስልካቸው "ተነሺ! ሰነፍ አትሁኚ!" ካላቸው አፑ በዚያው ቀን ይጠፋል። ደግሞም ይገባዋል።

አሁን ወደ 10,000 እንሂድ። ይህ ቁጥር የተወለደው ከሕክምና ጥናት አይደለም። ከቶኪዮ ኦሎምፒክ ማግስት እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ ይዞት የመጣ ነው። ለመሸጥ የሚያምር ክብ ቁጥር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣ በአማካይ 72 ዓመት የሆናቸው ወደ 17,000 የሚጠጉ አሜሪካውያን ሴቶች ላይ የተሰራ ጥናት በቀን 4,400 እርምጃ ገደማ የሚራመዱት 2,700 ከሚራመዱት ያነሰ የመሞት አደጋ እንደነበራቸው አሳይቷል። ጥቅሙ እየጨመረ ሄዶ 7,500 አካባቢ ላይ ረጋ። እርግጥ ጥናቱ የተመለከተው ያለውን እንጂ መራመድ ብቻውን ሕይወት ማስረዘሙን አላረጋገጠም፤ የታመመ ሰውም ትንሽ ይራመዳል። ቢሆንም ለጀማሪ 10,000 መስጠት ምን ያህል አላስፈላጊ እንደሆነ ያሳያል። የዓለም ጤና ድርጅት የ2020 መመሪያም ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ነው የሚለው። ያ መመሪያ "ቢያንስ 10 ደቂቃ ካልተከታተለ አይቆጠርም" የሚለውን የቀድሞ ሐሳብ ትቶታል። ደረጃ መውጣትም ይቆጠራል፣ ከታክሲ ወርዶ እስከ ቤት መሄድም ይቆጠራል።

እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ሳምንት ግብ አልሰጥም። ሰውየው እንደወትሮው ይዋል፣ አፑ ዝም ብሎ ይቁጠር። በሳምንቱ መጨረሻ "በቀን 3,200 ገደማ ይራመዳሉ፤ በሚቀጥለው ሳምንት 3,700 እንሞክር?" ይበለው። እሺም እንቢም ማለት ይችል። ከዚህ በተጨማሪ የክፉ ቀን ግብ ይኑረው፦ አምስት ደቂቃ፣ አንድ ጊዜ ደረጃ መውጣት፣ ግቢ ውስጥ መመላለስ። የክፉ ቀን ግቡን የፈጸመ ሰው ያን ቀን እንደሰራ ይቆጠርለት። በሙሉ ልብ።

የጠዋት 12 ሰዓቱን ማስታወሻ ደግሞ እንደገና አስቡበት። በዚያ ሰዓት ግማሹ ሰው ልጅ እያለበሰ ነው፣ ግማሹ የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው። በክረምት ይዘንባል። ማልዶ የሚወጣ ሰው የሰፈር ውሻ ያስፈራዋል፤ ሴት ከሆነች ጨለማው ራሱ ያሳስባታል። ሰዓት ደካማ ምልክት ነው። ጠንካራው ምልክት ሰው ቀድሞ የሚያደርገው ነገር ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያሳየው ይህን ነው፦ "እንዲህ ሲሆን፣ እንዲህ አደርጋለሁ" ብሎ አስቀድሞ የወሰነ ሰው "ስፖርት እሰራለሁ" ብሎ ከተመኘ ሰው የተሻለ ይፈጽማል። ስለዚህ ስትመዘግቡ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ "በየቀኑ ሳያደርጉት የማያልፉት ነገር ምንድን ነው?" ቤተ ክርስቲያን ተሳልሞ መመለስ፣ የሱብሂ ሶላት፣ ልጅን ትምህርት ቤት ማድረስ፣ የምሳ ሰዓት፣ ከታክሲ መውረድ። ከዚያ አፑ ዓረፍተ ነገሩን አብሮ ይጻፍ፦ "ልጄን ካደረስኩ በኋላ በእግሬ እመለሳለሁ።" "ከሜክሲኮ ስመለስ አንድ ፌርማታ ቀድሜ እወርዳለሁ።" ማስታወሻውም ያንን ሰዓት ይከተል። ልምዱ ሲጸና ማስታወሻውን ቀስ በቀስ ቀንሱት። ልጁን ባደረሰ ቁጥር እግሩ በራሱ ወደ እግረኛ መንገድ ካዞረው ስልኩ ምን ያደርጋል?

በነገራችን ላይ ሰዓቱን አስፈትሹት። ተጠቃሚው "ጠዋት 12" ብሎ ሲሞላ ስልኩ እኩለ ቀን ወይም እኩለ ሌሊት አድርጎ የሚያስቀምጥባቸው አፖች አሉ። የቀን አቆጣጠሩም እንደዚያው። ወርሃዊ ሪፖርት በኢትዮጵያ ወር ከሆነ ጳጉሜን ላይ ተጠንቀቁ። የአምስት ቀን ድምር ከነሐሴ 30 ቀን ጋር ጎን ለጎን ሲቀመጥ ሰው የወደቀ ይመስላል። በቀን አማካይ አሳዩ። መስከረም 1 ግን ወርቃማ ቀን ነው። ሰው በአዲስ ሳምንት፣ በአዲስ ወርና በአዲስ ዓመት መጀመሪያ ላይ ለአዲስ ነገር እንደሚነሳሳ ሚልክማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2014 በጂም መዝገብ ጭምር አሳይተዋል። የጠፉትን ሰዎች ለመጥራት ከእንቁጣጣሽ ዋዜማ የተሻለ ቀን አላውቅም።

ጾምንም አትርሱ። በዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ በረመዳን ደግሞ አንድ ወር ሙሉ የሰው የምግብ ሰዓት፣ እንቅልፍና ጉልበት ይቀየራል። ያኔ እንደወትሮው የሚጎተጉት አፕ የሰዉን ሕይወት አያውቅም ማለት ነው። ሃይማኖት አትጠይቁ። "ጾም ላይ ነኝ" የሚል መቀየሪያ ብቻ አስቀምጡ። ሲበራ ግቡ ዝቅ ይበል፣ ሰዓቱን ሰውየው ይምረጥ። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ ደግሞ አፑ ምክር ከመስጠት ይቆጠብ፤ ሐኪሙን እንዲያማክር ይንገረው። ደረት ላይ ሕመም ወይም መጨናነቅ ሲሰማ ማቆምና ሕክምና መሄድ እንደሚገባም በግልጽ ይጻፍ።

አሁን ግን ከሁሉ በፊት እንድታጣሩት የምፈልገው ነገር አለ። "ጠፉ" ያላችኋቸው ሰዎች በእርግጥ ጠፍተዋል? ወይስ ስልኩ አፑን ዘግቶታል? እኛ ጋ ብዙ ሰው የሚይዘው ዋጋው መካከለኛ የሆነ አንድሮይድ ስልክ ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ባትሪ ለመቆጠብ ብለው ከጀርባ የሚሰራን አፕ ያለ ርኅራኄ ይዘጋሉ። አፑ ሲዘጋ ማስታወሻው አይደርስም። ከአንድሮይድ 10 ጀምሮ እርምጃ ለመቁጠር፣ ከ13 ጀምሮ ደግሞ ኖቲፊኬሽን ለመላክ የተጠቃሚው ፈቃድ ያስፈልጋል። አንዴ "አይ" ካለ ዝም ትላላችሁ፤ እሱም ይረሳችኋል። የስልኩ እርምጃ መቁጠሪያ ሴንሰር ደግሞ ስልኩ ጠፍቶ ሲበራ ከዜሮ ይጀምራል። ባትሪ አልቆ የጠፋ ስልክ ሲነሳ የጠዋቱን እርምጃ ካላስቀመጣችሁት የለም ማለት ነው። መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ይህ በየሳምንቱ ይደርሳል።

ከዚህ የባሰም አለ። የባንክ ሠራተኛዋ ስልኳን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጣ ቀኑን ሙሉ ፎቅ ትወጣለች፣ ትወርዳለች። ቤት ስትገባ ስልኩን ቻርጅ ላይ ሰክታ ልጅ አዝላ ታበስላለች። ቀሚሷ ኪስ የለውም። አፑ ማታ "ዛሬ 412 እርምጃ ብቻ" ይላታል። ይህ ሐሰት ነው፤ እሷም ሐሰት መሆኑን ታውቃለች። ሁለት ጊዜ የዋሻትን አፕ ሦስተኛ አታምነውም። አፑ "አልተራመዱም" እና "አላየሁም" የሚሉትን ይለይ። ስልኩ ለሰዓታት ጠረጴዛ ላይ ሳይነቃነቅ ከዋለ "ዛሬ ስልክዎ አብሮዎት የነበረ አይመስልም። ተንቀሳቅሰዋል?" ብሎ ይጠይቅ፤ እሷም "ሃያ ደቂቃ" ብላ ትሙላ። ታጭበረብራለች ብላችሁ አትጨነቁ። ሽልማት ከሌለ ማን ራሱን ያታልላል? ሽልማት እንዳትጨምሩ የምለው ለዚህም ነው። ሌላው፣ አፑ ያለ ኢንተርኔት ሙሉ በሙሉ ይስራ። ፓኬጅ ያለቀበት ሰው ሊቀጣ አይገባም።

ተጠቃሚዎችን በእርምጃ ብዛት የሚያወዳድር የደረጃ ሰንጠረዥ ካላችሁ ወይም ለመጨመር ካሰባችሁ አቋሜ ግልጽ ነው፦ ይቅር። አንደኛ የወጣው ቀድሞም ስፖርተኛ ነው፤ አንድ ሺህ አርባኛ የወጣችው ሴት ማንም ሳያያት ትሸማቀቃለች። በምትኩ ከሦስት እስከ አምስት የሚተዋወቁ ሰዎች ይሰባሰቡ። የመሥሪያ ቤት ጓደኞች፣ የአንድ ግቢ ጎረቤቶች። ቁጥር አይተያዩ፤ "ዛሬ ወጥቻለሁ" የሚለውን ብቻ ይተያዩ። አንዱ ሲጠፋ ከአፑ ይልቅ ጓደኛው ቢደውል ይሻላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 መንገዶች ለመኪና ተዘግተው ለእግረኛ የሚለቀቁበት "መንገድ ለሰው" ሲጀመርም ሰው ወደ አደባባይ የወጣው ልጁንና ጓደኛውን ይዞ ነው።

ስለ መረጃ ባጭሩ። የእግር ጉዞ ለመቁጠር የሰውየውን መገኛ ማወቅ አያስፈልግም፤ ጂፒኤስ አትጠይቁ። ስትራቫ የተባለው የስፖርት አፕ ያወጣው የሩጫ ካርታ የወታደር ሰፈሮችን ሳይቀር ማጋለጡ እ.ኤ.አ. በጥር 2018 ታውቆ ነበር። እኛም የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለን። የጤና መረጃ ጥብቅ ጥበቃ ይፈልጋል። መረጃው ስልኩ ላይ ይቅር፤ ወደ ሰርቨራችሁ የሚመጣው ሰውየው የፈቀደው ብቻ ይሁን።

ስኬታችሁን በምን ትለኩታላችሁ? አፑ በቀን ስንት ጊዜ ተከፈተ በሚለው አይሁን። አፑን መክፈት ትቶ በየቀኑ ከሥራ በእግሩ የሚመለስ ሰው ትልቁ ድላችሁ ነው፤ ዳሽቦርዳችሁ ግን እንደ ኪሳራ ይቆጥረዋል። ሁለት ቁጥር ያዙ። አንደኛ፣ ሦስት ቀንና ከዚያ በላይ ከቀሩት ውስጥ በሳምንት ጊዜ ውስጥ ስንቱ ተመለሰ? ሁለተኛ፣ ከሦስት ወርና ከስድስት ወር በኋላ በሳምንት ስንት ደቂቃ ይንቀሳቀሳሉ? ሁለተኛውን ለማወቅ አፑን የማይከፍቱትንም፣ ሲመዘገቡ ከፈቀዱላችሁ፣ በአጭር የጽሑፍ መልእክት ጠይቋቸው።

በዚህ ሳምንት ኮድ ከመንካታችሁ በፊት ሃያ የጠፉ ተጠቃሚዎችን ስልክ ደውሉላቸው፤ እንዲደወልላቸው የተስማሙትን። "ለምን ተዉት?" አትበሏቸው፤ ለጨዋነት ብለው "ሥራ በዝቶብኝ" ይሏችኋል። "መጨረሻ የተጠቀሙበት ቀን ምን ዓይነት ቀን ነበር? በማግስቱስ ምን ሆነ?" በሏቸው። ኖቲፊኬሽኑ ይደርሳቸው እንደነበርም ጠይቁ። ከዚያ የመመለሻውን ስክሪን ብቻ ቀይሩና ለግማሹ ተጠቃሚ አሳዩ፤ ግማሹ የድሮውን ይይ። ቢያንስ ሁለት ወር ጠብቁ። በሁለተኛው ሳምንት የምታዩት ጭማሪ የአዲስ ነገር ጉጉት ሊሆን ስለሚችል እሱን ይዛችሁ ወደ ባለሀብት አትሂዱ። በስምንተኛው ሳምንት የተመላሾቹ ቁጥር ከድሮው ስክሪን በልጦ ከቆየ ግን የክፉ ቀን ግቡን ቀጥላችሁ ስሩ።